መነጽሩ ይቆየን፤ የቅርስ አፕ ከጆሮ ይጀምር

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የእናቴን ታላቅ እህት ይዤ ወደ ኦበርን ጎዳና ሄድኩ። እትዬ ላስታ ተወልደው ላሊበላ ከተማ ያረጁ ሴት ናቸው፤ አትላንታ የመጡት ክላርክስተን የሚኖሩ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ «ኮምፒውተር የሚያውቀው» እኔ ስለሆንኩ የማርቲን ሉተር ኪንግን ሰፈር የማሳየቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። እኔም ውስጥ ውስጡን ደስ ብሎኛል፤ ለሳምንታት በትርፍ ሰዓቴ ስሠራው የቆየሁት አፕ ስልኬ ላይ አለ። ካሜራውን ወደ አንድ ሕንፃ ስታዞሩት የሕንፃውን የድሮ ፎቶ በላዩ ላይ ይደርባል፤ ከሥሩም ማብራሪያውን በአማርኛ ይጽፋል። እትዬ የመጀመሪያ ተጠቃሚዬ ሊሆኑልኝ ነው።

አሮጌው አቤኔዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንደርስ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን መፍታት ጀመሩ። «እዚህ አያስፈልግም» አልኳቸው። «ቤተ ክርስቲያን አይደለም እንዴ?» አሉና አወለቁት። ገብተን አንዱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ኪንግ ከ1960 እስከ 1968 ከአባቱ ጋር ያገለገለበት አዳራሽ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እናቱ በ1974 ኦርጋን እየተጫወቱ በጥይት የተገደሉትም እዚሁ ነው። ከድምፅ ማጉያው የኪንግ ስብከት ቅጂ ይሰማል። እትዬ እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ግን ከንፈራቸውን እየመጠጡ፣ አንዳንዴም ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ስንወጣ «ይኸ ሰው ሲናገር ዜማ አለው» አሉኝ። «ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ያነሣዋል፣ ሕዝቡ ይቀበለዋል። እንደኛው መሪጌታ ነው።»

ከዚያ ወደ መቃብሩ ሄድን። የኪንግና የባለቤታቸው የኮሬታ መቃብር ውሃ መካከል ነው ያለው፤ ውሃው ይሰማል፣ ፊት ለፊቱ የማይጠፋ እሳት ይነዳል። እኔ ስልኬን አወጣሁ። ፀሐዩ ስክሪኑን መስታወት አድርጎታል፤ የራሴን ፊት እንጂ ሌላ አላይም። በእጄ እየጋረድኩ ወደ እትዬ አስጠጋሁት። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን አዩና፣ «ልጄ፣ ቦታው እዚሁ ቆሞልህ በዚህች ቀዳዳ የምታሳየኝ ለምንድን ነው?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው መልሱን ስፈልግ ስለከረምኩ ነው።

ቅርስን በቴክኖሎጂ «ሕያው ማድረግ» ሲባል ሁላችንም መጀመሪያ የሚመጣልን ዓይን ነው። የቪአር መነጽር፣ በካሜራ ላይ የሚደረብ ሥዕል፣ የሚሽከረከር ባለ ሦስት ገጽታ ሕንፃ። ለውድድር ሲቀርብ ያምራል፤ ዳኞቹ በፕሮጀክተር ያዩታል። ቤት ውስጥ ላለ ሙዚየም ደግሞ ይሠራል። ሜዳ ላይ ላለ ቅርስ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ጎብኚው የመጣው ቦታውን ሊያይ ነው፤ ዓይኑ ሥራ ላይ ነው። ፀሐይ አለ፣ ደረጃ አለ፣ መኪና አለ። ዓይኑን ወደ ስክሪን የሚስብ አፕ ጎብኚውን ከመጣበት ነገር ይነጥለዋል። ጆሮ፣ እጅና እግር ግን ነፃ ናቸው። እግር ስል ቀልዴን አይደለም፤ እትዬ ጫማቸውን ሲያወልቁ ወለሉን በውስጥ እግራቸው ያውቁታል። እኔ ጫማ አድርጌ የገባሁት ሰውዬ ስለዚያ ወለል አንድም ነገር አላውቅም።

እዚሁ አትላንታ ውስጥ ስሜትን በሙሉ የሚጠቀም በጣም የተዋጣ ሥራ አለ። በ2014 በተከፈተው የሲቪልና የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል ውስጥ አንድ የምሳ ቤት ባንኮኒ ታገኛላችሁ። በርጩማ ላይ ትቀመጣላችሁ፣ የጆሮ ማዳመጫ ታደርጋላችሁ፣ ሁለት እጃችሁን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣችሁ ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ። ዘረኞቹ ከኋላችሁ እየዞሩ ሲሳደቡ፣ ጆሯችሁ ሥር ሲያንሾካሹኩና ሲዝቱ ትሰማላችሁ፤ ወንበራችሁ ሲመታ ከሥራችሁ ይንቀጠቀጣል። የሚታይ ነገር የለም። የነጮች በተባለ ባንኮኒ ተቀምጠው አንነሣም ያሉ ወጣት ጥቁር ተማሪዎች ምን እንደቻሉ የሚገባችሁ በጆሮና በመቀመጫ ነው። እኔ እጄን ሳላነሣ ለመጨረስ ታግያለሁ።

ታዲያ ይህን ቀድተን ለምን ሜዳ ላይ አናደርገውም? እዚህ ላይ ነው ልዩነቱን ማየት ያለብን። ያ ምሳ ቤትና ያ ጩኸት ዛሬ የሉም፤ ማዕከሉ የጨመረው የጠፋውን ነው። እንግሊዝ አገር ዮርክ ከተማ ውስጥ ከ1984 ጀምሮ ያለው የጆርቪክ ቫይኪንግ ማዕከል የድሮውን ከተማ ሽታ ሳይቀር ሠርቶ ያሸትታል፤ ያ ከተማ ከመሬት ሥር ስለሆነ ትክክል ነው። ነገር ግን ሽታው፣ ድምፁና ሰዉ ገና ባለበት ቦታ ላይ ሌላ ሽታና ድምፅ መጨመር ወጥ ላይ ወጥ መጨመር ነው። ስለዚህ አፑን አፍርሼ እንደገና ስጀምር ለራሴ አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀመጥኩ፤ እዚህ ቦታ ላይ የጠፋው ምንድን ነው? የጠፋውስ ለማን ነው?

ኦበርን ጎዳና ላይ ለዚህ ጥያቄ የሚገርም መልስ አለ። ከመሀል ከተማ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ መጀመሪያ ቢግ ቤቴል ቤተ ክርስቲያንን ታገኛላችሁ፤ ግንቡ ላይ «ኢየሱስ ያድናል» የሚል የኒዮን ጽሑፍ አለው (ተርጉሜላቸው እትዬ በጣም ወደዱት)። ትንሽ እንደሄዳችሁ ትልቅ ድልድይ ሥር ትገባላችሁ። ኢንተርስቴት 75 እና 85 አንድ ላይ ሆነው የሚያልፉበት አውራ ጎዳና ነው። ድልድዩን እንዳለፋችሁ የፕሪንስ ሆል ሜሶኖች ሕንፃ አለ። በ1949 ጄሲ ብሌይተን የሚባሉ የሒሳብ ባለሙያ ደብልዩኢአርዲ የተባለውን ሬዲዮ ጣቢያ ገዙ፤ በአሜሪካ በጥቁር ሰው ባለቤትነት የተያዘ የመጀመሪያው ጣቢያ ነው፤ ስቱዲዮውም በዚህ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ከሥሩ ደግሞ የኪንግ ድርጅት ቢሮ ነበር። ኪንግ ለሕዝቡ የሚለው ሲኖረው ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድብ ነበር፣ ከላይ ማይክሮፎን በመስኮት ያወርዱለት ነበር ይባላል። እንግዲህ እዚህ ሕንፃ ፊት ቆሞ ፎቶ ማየት ምን ያደርጋል? የጠፋው ድምፅ ነው። እኔ ያደረግሁት ቀላል ነው፤ ስትደርሱ ሦስት ጊዜ እንጨት በእንጨት ሲመታ ይሰማል፣ ስልኩም አብሮ ሦስት ጊዜ ይንዘራል፣ ከዚያ ታሪኩ በአማርኛ ይቀጥላል።

ድልድዩ ሥር ግን ተሳሳትኩ። መጀመሪያ ስሠራው የመኪናው ጩኸት ትረካውን ስለዋጠው ጩኸት የሚያጠፋ የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ የሚል ማስታወቂያ ጨመርኩ። እትዬ በሁለተኛው ጉዟችን አላደርግም አሉ፤ ጆሮ መድፈን አይወዱም። ድልድዩ ሥር ቆሙና ወደ ላይ አንጋጠው «ይኸ ሁሉ መኪና በሰው ሰፈር ላይ ነው የሚሄደው?» አሉ። አዎ፣ ነገሩ እሱ ነው። ፎርቹን መጽሔት በ1956 በዓለም ላይ ካሉ የጥቁሮች ጎዳናዎች ሁሉ ሀብታሙ ብሎ የጻፈለትን ይህን ጎዳና ይህ መንገድ መጥቶ ለሁለት ቆረጠው። ቤትና ሱቅ ፈረሰ። ያ ጩኸት ትረካዬን የሚረብሽ ነገር ሳይሆን ራሱ ትረካው ነው፤ እኔ ግን በቴክኖሎጂ ላጠፋው ነበር። አሁን አፑ ድልድዩ ከመድረሱ በፊት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገርና ዝም ይላል። ከሥሩ ስትወጡ ይቀጥላል። ማዳመጫውም ጆሮን የማይደፍን ዓይነት እንዲሆን እመክራለሁ፤ ከሌለ ስልኩን ደረት ኪስ ውስጥ አድርጎ በራሱ ድምፅ ማጉያ መስማት ይሻላል።

ኮድ ለምትጽፉ ጥቂት ልበል፤ ሌሎቻችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። የስልክ ጂፒኤስ ክፍት ሰማይ ሥር ሆኖ እንኳ ወደ 5 ሜትር ያህል ይስታል፤ ሕንፃ አጠገብ ከዚያ ይብሳል። ስለዚህ የትረካ ክብ ስትሠሩ ከ20 ሜትር በታች አትሂዱ፤ ሰውየው ክቡ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ከቆየ በኋላ ይጀምር፤ ከክቡ ቢወጣም የጀመረው ዓረፍተ ነገር ይለቅ። ድልድይ ሥር ጂፒኤስ ስለሚዘላብድ እዚያ ትረካ አታስጀምሩ። ድምፁን በኦፐስ በ24 ኪሎቢት ብትጨምቁት አንዱ ደቂቃ 180 ኪሎባይት ይሆናል፤ 40 ደቂቃ ትረካ 7 ሜጋባይት ገደማ ነው። ስለዚህ ሁሉንም አስቀድማችሁ አስወርዱ፤ መንገድ ላይ ኢንተርኔት የሚጠይቅበት ምክንያት የለም። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አፕም አንድን ፓርክ አስቀድሞ ማውረድ ይፈቅዳል። ንዝረትን በድረ ገጽ በኩል ለማድረግ ካሰባችሁ አንድሮይድ ላይ ይሠራል፣ አይፎን ሳፋሪ ላይ አይሠራም። አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ፤ የኪንግን ንግግር ከዩቲዩብ አውርዳችሁ አፕ ውስጥ አትክተቱ። ንግግሮቹ የቅጂ መብት አላቸው፤ ቤተሰቡ በ«ሕልም አለኝ» ንግግር ጉዳይ ሲቢኤስን ከስሶ በ1999 እዚሁ አትላንታ ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት ለቤተሰቡ ፈርዷል። ለማንኛውም የኪንግ ድምፅ በአፑ ውስጥ አያስፈልግም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይሰማል።

አሁን ወደ አማርኛው። መጀመሪያ ትረካውን ያስነበብኩት በኮምፒውተር ድምፅ ነበር። ዛሬ አማርጦ መውሰድ ይቻላል፤ የማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ አሉ፣ ኢስፒክ አለ፣ ሜታም በ2023 ከ1,100 በላይ ቋንቋዎችን ይዞ ካወጣቸው ሞዴሎች መካከል አማርኛ አለ። ለዜና ማንበቢያ ደህና ናቸው። እኔ ግን እትዬ እንዲገባቸው ብዬ አቤኔዘርን ከላሊበላ በዓል ጋር የሚያነጻጽር ዓረፍተ ነገር ጽፌ ነበር፤ «ገና ሲመጣ» ብሎ ይጀምራል። አንባቢው ድምፅ «ገና»ን አላልቶ አነበበው። እትዬ «ማነው ገና የሚመጣው?» አሉ። ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም፤ እኛ ከአውዱ እንረዳለን፣ ማሽኑ ይገምታል። «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? «ዋና» ውሃ ውስጥ ነው ወይስ አለቃ? ዩኒኮድ ውስጥ የማጥበቂያ ምልክት ከ2005 ጀምሮ አለ፤ ከፊደሉ አናት ላይ የሚቀመጥ ሁለት ነጥብ ነው። በአብዛኞቹ የስልክ ኪቦርዶች ላይ ግን አታገኙትም። የሚቀጥለው የአማርኛ ሶፍትዌር ሥራ ምን ይሁን ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ ይኸው፤ ምልክቱን የሚያስገባ ኪቦርድና ምልክቱን አክብሮ የሚያነብ ድምፅ። እስከዚያው ለቅርስ ትረካ የሰው ድምፅ ቅዱ። ሰባት ሜጋባይት ነው።

«ይኸ ሁሉ ስለ አትላንታ ነው፤ አገር ቤትስ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እኔም ወደዚያው እየሄድኩ ነው፤ ምክንያቱም የላሊበላን አፕ የሚያልሙ ልጆች በየጊዜው ይጽፉልኛል፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚያልሙት መነጽር ነው። እትዬን ጠየቅኳቸው። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደውን ጨለማ ዋሻ ነገሩኝ። መብራት አይበራም፤ አንድ እጅህን ግድግዳው ላይ፣ ሌላውን አናትህ ላይ ታደርጋለህ፣ በእግርህ እየዳሰስክ ትሄዳለህ፤ ሲኦል ይሉታል፤ ብርሃን ላይ ስትወጣ ዓይንህ ያነባል። ይህንን የሠራው ሰው ስለ ስሜት ከእኛ በላይ ያውቃል። እዚያ ውስጥ ስክሪን ማብራት ሥራውን ማበላሸት ነው። ገና ሌሊት ቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከላይ ከገደሉ አፍና ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉ ሲሉ፣ ጽናጽሉና ከበሮው ከድንጋዩ ጋር ሲመልስ የማን ማዳመጫ ይበልጠዋል? ዕጣኑም እዚያው አለ።

ግን የጠፋ ነገር አለ፤ ለማን እንደጠፋ ከጠየቅን። ቤተ ጊዮርጊስ መስቀል መሆኑ የሚታወቀው ከላይ ከአፋፉ ቆሞ ላየ ነው። ማየት የተሳነው ምእመን ዕድሜውን ሙሉ ሊሳለመው ይችላል፤ ግድግዳውን ይዳስሳል፣ የመስቀሉን ቅርጽ ግን በእጁ ይዞት አያውቅም። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት አብያተ ክርስቲያናቱን በሌዘር ለክቷቸዋል። ከእንዲህ ያለ ልኬት መዳፍ የሚያክል ቤተ ጊዮርጊስን በባለ ሦስት ገጽታ ማተሚያ አትሞ በር ላይ ማስቀመጥ ከየትኛውም መነጽር የሚረክስ ሥራ ነው። መስማት ለተሳነው ደግሞ የከበሮው ምት ደረቱ ላይ በያዘው ስልክ ሊደርሰው ይችላል።

ሌላም አለ። በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ትልልቆቹ መጠለያዎች ከተተከሉ ወዲህ፣ እትዬ እንዳሉኝ፣ ክረምት ላይ ቤተ መድኃኔ ዓለም አጠገብ የሚሰማው የዝናብ ድምፅ ሌላ ሆኗል። «ድሮ ድንጋዩ ላይ ነበር የሚወርደው» አሉኝ። ቀድቶ ያስቀመጠው ሰው ይኖር ይሆን? እንዲህ ያለውን ድምፅ መሰብሰብ የሚጠይቀው አንድ ስልክና አንድ ክረምት ነው፤ የጣና ገዳማትን የድንጋይ ደወልም እንዲሁ።

ጂፒኤስ በዚያ ጉድጓድና ዋሻ ውስጥ ይሠራል ብላችሁ አትድከሙ። የብሉቱዝ መብራት ልለጥፍ ብትሉ የሚለጠፈው የምእመናን ግንባር የሚነካው ድንጋይ ላይ ነው፤ አይሆንም። በኢንተርኔት አትመኩ፤ በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት አልተመለሰም። ትረካውን ማን ያስጀምረው? አስጎብኚው። ጦርነቱ እንግዳ ያሳጣው፣ በዚያ ሥራ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነው። ድምፁን እሱ ይቅዳ፣ ስሙ ይጠራ፣ ክፍያ ካለም ድርሻው ይድረሰው፤ እሱ እጁ ላይ ያለውን ቁልፍ ሲነካ የእንግዶቹ ስልክ ይናገር፣ ካህኑ ሲያልፉ ዝም ያሰኘው። እሱን ከጨዋታው የሚያስወጣ አፕ ከመጣ እኔ አላወርደውም፤ ሙያዬ ቢሆንም።

እትዬ ከመመለሳቸው በፊት የኦበርን ጎዳናን ትረካ በራሳቸው ድምፅ ቀድተውልኝ ሄዱ፤ ስድስት ቁራጭ ነው። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስልኩን በፎጣ ከበን ቀዳነው። «ገና»ን በደንብ አጥብቀው ነው ያሉት። የሬዲዮ ጣቢያውን ሲተርኩ ኪንግ በመጥረጊያ ጣሪያ ደበደበ የሚለው ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው መጣ፤ ሁለት ጊዜ ደገምነው፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳቁ። የመጀመሪያውን ነው ያስገባሁት።